ከጨው ውሃ የሚወጣው ኦክስጅን ነው ወይስ መርዝ?

የእሑድ ጥናት ገጽ፦ ሳይንስ ለሁላችን

በዚህ ወር የጥናት ገጻችን ላይ ከእህቶቻችን አንዷ ያነሳችውን ጥያቄ እንማራለን። ጥያቄዋ እንዲህ ነበር፦ «ውሃ ውስጥ ኦክስጅን አለ ይሉናል። ታዲያ ሰው ባሕር ውስጥ ሲገባ ለምን ታፍኖ ይሞታል? ያንን ኦክስጅን አውጥቶ መተንፈስ አይቻልም ወይ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ በአጭሩ «ይቻላል» ነው። ግን ውሃው ጨው ካለበት መንገዱ ላይ አንድ ጠላት ይጠብቃል፤ ስሙ ክሎሪን ይባላል። እሱን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። በየቀኑ በእጃችን የምንይዘው የበረኪና ጠርሙስ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ትምህርቱ ከባሕር ይጀምርና የምናጥበው መታጠቢያ ቤት ድረስ ይመጣል። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ መጨረሻው ላይ ሕይወት የሚያድን ነገር አለ።

ሃይስኩል ኬሚስትሪ የተማራችሁ ብዙውን ታስታውሱታላችሁ። ያልተማራችሁም አትፍሩ፣ ቀስ ብለን ነው የምንሄደው። ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ።

1. በውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሁለት ዓይነት ነው

እስቲ ከዓሣ እንጀምር። ዓሣ የሚተነፍሰው የውሃውን አካል ሰብሮ አይደለም። ከአየር ወደ ውሃው የገባ፣ ስኳር በሻይ ውስጥ እንደሚሟሟ የሟሟ ኦክስጅን አለ። ዓሣው በስንጥቡ የሚለቅመው እሱን ነው። ይህ ኦክስጅን በጣም ትንሽ ነው። ለብ ባለ የባሕር ውሃ አንድ ሊትር ውስጥ 7 ሚሊ ግራም ያህል ቢገኝ ነው። እኛ የምንተነፍሰው አንድ ሊትር አየር ግን 270 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይዟል። ወደ 40 እጥፍ ማለት ነው። የእኛ ሳንባ በዚያች ትንሽ ነገር መኖር አይችልም፤ ውሃውንም እንደ አየር እያስገባ ማስወጣት አይችልም። ሰው የሚሰምጠው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ኦክስጅን ግን ብዙ ነው። ይህኛው የውሃው የራሱ አካል ነው። ውሃ ማለት «ኤች ቱ ኦ» ነው ብለን ተምረናል፤ ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን ተጣብቀው። በክብደት ሲታይ ከ9 ግራም ውሃ ውስጥ 8 ግራሙ ኦክስጅን ነው፣ 1 ግራሙ ብቻ ሃይድሮጅን ነው። ይገርማል አይደል? የምንጠጣው ውሃ አብዛኛው ክብደቱ ኦክስጅን ነው።

ነገር ግን ታስሯል። ደመወዝሽ ማዳም እጅ እንዳለ ዓይነት ነው፤ ያንቺ ነው ይባላል፣ ግን ምንም አትገዢበትም። ኦክስጅኑም ከሃይድሮጅን ጋር እስካለ ድረስ ለሳንባ አይጠቅምም። መጀመሪያ መፈታት አለበት።

2. ውሃን በኤሌክትሪክ መፍታት

እ.ኤ.አ. በ1800 ጣሊያናዊው ቮልታ የመጀመሪያውን ባትሪ መሥራቱ ተሰማ። በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ ኒኮልሰንና ካርላይል የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የባትሪውን ሁለት ሽቦዎች ውሃ ውስጥ ከተቱ። በሁለቱም ሽቦ ላይ አረፋ መውጣት ጀመረ። በአንዱ ሽቦ ሃይድሮጅን፣ በሌላው ኦክስጅን ነበር። ይህ ሥራ ኤሌክትሮሊሲስ ይባላል፤ በኤሌክትሪክ መፍታት ማለት ነው።

ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር የተያያዘው ብረት አኖድ ይባላል፤ ኦክስጅን የሚወጣው በዚህ በኩል ነው። ከኔጌቲቭ ጋር የተያያዘው ካቶድ ይባላል፤ ሃይድሮጅን የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። በደብተራችሁ ላይ «አኖድ፣ ፖዘቲቭ፣ ኦክስጅን» ብላችሁ ጻፉ። ከታች ይፈለጋል።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። ናሳ ለጠፈርተኞቹ ሲያሰላ ለአንድ ሰው በቀን 840 ግራም ያህል ኦክስጅን ይመድባል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ከላይ እንዳየነው ከ9 እጅ 8ቱ ኦክስጅን ስለሆነ ከአንድ ሊትር ውሃ 890 ግራም ገደማ ይወጣል። ስለዚህ በአንዲት ሊትር ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰው የአንድ ቀን ትንፋሽ አለ፤ ትንሽም ይተርፋል።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው አይሠራውም? አንዱ ምክንያት ኤሌክትሪኩ ነው። በዛሬ መሣሪያ 8 ኪሎ ኦክስጅን ከ1 ኪሎ ሃይድሮጅን ጋር ለማውጣት 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የአንድ ሰው የቀን ድርሻ ሲሰላ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ይመጣል። ይህም ባለ 2,000 ዋት ካውያ ሁለት ሰዓት ተኩል ያለማቋረጥ የሚበላው ነው። እዚህ ቤይሩት መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር አምፔር እየተቆጠረ፣ «ካውያና ማጠቢያ ማሽን አንድ ላይ አትክፈቺ» እየተባልን ለምንሠራ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው።

3. ጨው ሲገባ ምን ይሆናል?

ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክን በደንብ አያስተላልፍም። ጨው ሲገባበት ግን ያስተላልፋል። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ስላለው ኤሌክትሪክ ያለ ችግር ይሄድበታል። ይህን ብቻ ብናይ ባሕሩ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ይመስለናል።

ችግሩ ያለው ጨው ራሱ ላይ ነው። የምግብ ጨው ሶዲየምና ክሎሪን ነው። ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ክሎሪኑ «ክሎራይድ» ሆኖ ለብቻው ይንሳፈፋል። ኔጌቲቭ ስለሆነ ፖዘቲቩ አኖድ ይስበዋል። ስለዚህ አኖዱ በር ላይ ሁለት ተራ ጠባቂ አለ፦ ውሃው ኦክስጅን ሊሆን፣ ክሎራይዱም የክሎሪን ጋዝ ሊሆን።

ማን ይቀድማል? በወረቀት ሲሰላ መቅደም ያለበት ኦክስጅን ነው፤ እሱ 1.23 ቮልት ሲፈልግ ክሎሪን 1.36 ቮልት ይፈልጋል። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ክሎሪን ይቀድማል። ለምን? አንድ ኦክስጅን ጋዝ እንዲወጣ ሁለት ውሃ መሰበርና አራት ኤሌክትሮን መሰጠት አለበት። ክሎሪን ግን ሁለት ክሎራይድ ተገናኝተው ሁለት ኤሌክትሮን ከሰጡ ወጣ ማለት ነው። እዚህ አገር ወረቀት ያሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። አራት ፊርማ የሚያስፈልገው ሰው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት፣ ሁለት ፊርማ የሚበቃው ጨርሶ ቤቱ ይገባል።

ስለዚህ ማንም ሰው እንዲያው ባትሪና ሽቦ የጨው ውሃ ውስጥ ቢከት፣ የሚወጣው ንጹሕ የሚተነፈስ ኦክስጅን አይደለም። ክሎሪን አለበት። በስልክ ቪዲዮ ላይ ሲሠሩት ብታዩ ቤት ውስጥ አትሞክሩት።

ክሎሪንን መጀመሪያ ያገኘው ስዊድን አገር ይኖር የነበረ ሼሌ የሚባል ባለ መድኃኒት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1774። ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት፣ የሚያፍን ጋዝ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 22 ቀን 1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር በሚባል ቦታ በጠላቶቻቸው ምሽግ ላይ የለቀቁት ይህንን ጋዝ ነበር። ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ስለሚከብድ ምሽጉ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ይተኛ ነበር። ይህችን «ወርዶ ይተኛል» የምትለዋን ያዙልኝ፤ እንመለስባታለን።

ያው ክሎሪን በአግባቡ ሲያዝ ደግሞ ብዙ ይጠቅማል። ፋብሪካዎች ሆን ብለው የጨው ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ እየሰደዱ ክሎሪንና ኮስቲክ ሶዳ ያወጣሉ። ሁለቱ ተመልሰው ሲቀላቀሉ በረኪና ይሆናሉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የባሕር ውሃ ከሚያጣሩት ፋብሪካዎች ብዙዎቹ የቧንቧቸውን ተሕዋስያን የሚገድሉት ከዚያው ከባሕር ውሃ በኤሌክትሪክ ባወጡት ክሎሪን ነው። እዚህ ሊባኖስ በረኪናን «ጃቬል» የሚሉትም ከፈረንሳይኛ የመጣ ስም ነው። ጃቬል ፓሪስ አጠገብ የነበረ መንደር ነው፤ ዛሬ የከተማው ክፍል ሆኗል። በርቶሌ የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ክሎሪን ጨርቅ እንደሚያነጣ ካሳየ በኋላ በ1780ዎቹ ፈሳሹ እዚያ መንደር ተሠራ፤ ስሙም ቀረ። እኛ በረኪና የምንለው ደግሞ ከጣሊያንኛ ነው።

4. ካታሊስት፦ ሽማግሌው

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ከጨው ውሃ ክሎሪኑን ትቶ ኦክስጅኑን ብቻ ማውጣት ይቻላል ወይ? ሳይንቲስቶች የሚደክሙት በዚህ ላይ ነው፤ መሣሪያቸውም ካታሊስት ይባላል።

ካታሊስት ማለት ሥራውን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን የማያልቅ ነገር ነው። በአገራችን ሽማግሌ እንደምንለው ነው። ሁለት ቤተሰብ ለብቻቸው ቢተዉ ዓመት የሚፈጅባቸውን ጉዳይ ሽማግሌ ገብቶ ባንድ ቀን ይጨርሰዋል። ከዚያ በሩን ዘግቶ ይሄዳል፤ ከሙሽራውም ከሙሽሪትም ምንም አልወሰደም፣ ነገ ሌላ ቤት ይላካል።

በዓይናችን ያየነው ካታሊስት አለ። ቁስል ላይ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ሲፈስበት ነጭ አረፋ ያወጣል። ያ አረፋ ኦክስጅን ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ሳለ ዝም ብሎ የተቀመጠው፣ ደማችን ውስጥ ያለ ካታሌዝ የሚባል ነገር ሲነካው ባንዴ ይፈታል። ካታሌዙ ካታሊስት ነው።

ወደ ባሕሩ ስንመለስ፣ አኖዱ ብረት ላይ የሚቀባው ካታሊስት ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛ፣ አራት ፊርማ ለሚያስፈልገው ለኦክስጅን መንገዱን ማሳጠር። ሁለተኛ፣ ክሎራይዱን ከበሩ ማራቅ። እስካሁን የተሞከሩት መንገዶች በዋናነት ሦስት ናቸው።

ሀ) ለኦክስጅን የሚያደላ ካታሊስት መምረጥ። ማንጋኒዝ ኦክሳይድ በጨው ውሃ ውስጥ ከክሎሪን ይልቅ ኦክስጅን እንዲወጣ በማድረግ የታወቀ ነው።

ለ) ውሃውን አልካሊ ማድረግ። አልካሊ የአሲድ ተቃራኒ ነው፤ የአመድ ውሃ ሲነኩት እንደሚያሙለጨልጨው ዓይነት። ውሃው አልካሊ ሲሆን በኦክስጅንና በክሎሪኑ ወገን መካከል ያለው ርቀት ወደ 0.48 ቮልት ይሰፋል። ያኔ የኤሌክትሪኩን ኃይል በዚያ መካከል ከያዙት ኦክስጅን ይወጣል፣ ክሎሪኑ ደጅ ይቀራል።

ሐ) አኖዱን ማልበስ። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሆንግጂ ዳይ የሚባሉ ፕሮፌሰርና ጓደኞቻቸው ይህን ሠሩ። እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ኒኬል ወሰዱ፤ በላዩ ኒኬል ሰልፋይድ፣ ከዚያ በላይ የኒኬልና የብረት ካታሊስት አለበሱት። ኔጌቲቭ የሆነው ልባስ ኔጌቲቭ የሆነውን ክሎራይድ ይገፋዋል፤ አንድ ዓይነት ቻርጅ ያላቸው ነገሮች ስለሚገፋፉ። ልባሱ የሌለው አኖድ በባሕር ውሃ 12 ሰዓት ገደማ ሠርቶ ክሎራይዱ ሲበላው፣ የለበሰው ከ1,000 ሰዓት በላይ ሠራ። ውሃውን ያመጡት ከሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ እነዚህ ሰዎች በዋናነት የሚፈልጉት ሃይድሮጅኑን ለነዳጅ ነው። ኦክስጅኑ አብሮ የሚወጣ ነው። ለእኛ ጥያቄ ግን መልሱ ያው ነው፦ ከጨው ውሃ ምን እንደሚወጣ የሚወስነው ውሃው ብቻ አይደለም፤ በሩ ላይ ማን እንደቆመም ይወስናል።

5. ይህ ሥራ የት ያስፈልጋል?

ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ። በኒውክሌር ኃይል የሚሄዱት ወታደራዊ መርከቦች ወራት ባሕር ሥር ይቆያሉ። ኦክስጅናቸውን የሚያወጡት ከውሃ በኤሌክትሪክ ነው። ግን ልብ በሉ፤ በዙሪያቸው ያለውን የባሕር ውሃ እንዳለ አይጠቀሙም። መጀመሪያ ጨውን ያስወጣሉ፣ ከዚያ ንጹሑን ውሃ ይፈታሉ። በተዘጋ ቤት ውስጥ ትንሽ ክሎሪን እንኳ ቢለቀቅ ማምለጫ የለማ።

ጠፈር ላይ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሰው በማይለየው ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያም እንዲሁ ነው። ውሃው ከላባቸው፣ ከትንፋሻቸውና ከሽንታቸው ሳይቀር ተጣርቶ ይመለሳል፤ ከፊሉ ተፈትቶ ኦክስጅን ይሆናል።

ማርስ ላይ። የማርስ አየር 95 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ አይተነፈስም። እ.ኤ.አ. በ2008 ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር አፈሩ ውስጥ ፐርክሎሬት የሚባል ጨው አገኘች። ይህ ጨው ውሃን ከዜሮ በታች በብዙ ዲግሪም ቢሆን እንዳይረጋ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በቪጃይ ራማኒ የተመራ ቡድን የማርስን ጨዋማ ውሃ አስመስሎ ሠርቶ ከዜሮ በታች 36 ዲግሪ ላይ ፈታው። አኖዳቸው ከሊድና ከሩቴኒየም የተሠራ ካታሊስት ነበረው፤ በካቶዱ በኩል ፕላቲኒየም። ኦክስጅንም ሃይድሮጅንም አወጡ። ፐርክሎሬት ግን ከምግብ ጨው ይለያል፤ ክሎሪኑ አስቀድሞ ከአራት ኦክስጅን ጋር ታስሮ ስለተቀመጠ እንደ ክሎራይድ ቶሎ ጋዝ አይሆንም። በዚህ በኩል የማርስ ጨው ከእኛ ባሕር ይሻላል።

ይህ ሙከራ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ማርስ ላይ በእውነት ኦክስጅን ያወጣው ሞክሲ የተባለው መሣሪያ ነው፤ እሱም ከውሃ ሳይሆን ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው ያወጣው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2021 የመጀመሪያ ቀኑ 5 ግራም ያህል ሠራ፤ ለአንድ ጠፈርተኛ የ10 ደቂቃ ትንፋሽ። እስከ 2023 ድረስ 16 ጊዜ ሠርቶ በድምሩ 122 ግራም አወጣ። የሰው የቀን ፍላጎት 840 ግራም መሆኑን አስታውሱና አስተያዩት።

ሆስፒታል ያለው ኦክስጅንስ? እሱ ከባሕር አይመጣም። አየር ራሱ 21 በመቶ ኦክስጅን ስለሆነ፣ አየር ባለበት ቦታ ውሃ መፍታት ያልተፈለገ ወጪ ነው። ወይ አየሩን በጣም አቀዝቅዘው ኦክስጅኑን ይለዩታል፤ ወይ ዚዮላይት በሚባል ማዕድን ውስጥ አሳልፈው ናይትሮጅኑን ያስቀሩታል። በኮቪድ ጊዜ አልጋ አጠገብ ይቀመጡ የነበሩት ትንንሽ ማሽኖች በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው የሚሠሩት። «ይህ ውሃ ኦክስጅን ተጨምሮበታል፣ ለሳንባ ይበጃል» ብሎ ጠርሙስ ለሚሸጥላችሁ ሰው ገንዘባችሁን አትስጡ። ሳንባ ከሆድ ውሃ አይቀበልም።

6. ትምህርቱ ወደ እኛ ቤት ሲመጣ

አሁን የያዝነውን ሁሉ ይዘን መታጠቢያ ቤት እንግባ።

ቤይሩት ውስጥ ብዙ ሕንፃዎች የጉድጓድ ውሃ ይጠቀማሉ። ባሕሩ ከሥር ወደ ጉድጓዱ ስለሚገባ ውሃው ጨው ጨው ይላል፤ ፊታችንን ስንታጠብ እናውቀዋለን። ቧንቧውና ሻወሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ቅርፊቱ አብዛኛው የኖራ ዓይነት ነው፣ በአሲድ ይለቃል። ስለዚህ ማዳሞቹ አሲድ፣ ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጨው ይገዛሉ። ለሽታውና ለተሕዋስያኑ ደግሞ በረኪና ይገዛሉ። ከዚያ «ሁለቱን አንድ ላይ አድርጊው፣ በደንብ ይጸዳል» ይባላል።

ከላይ በረኪና እንዴት እንደሚሠራ አይተናል። ክሎሪን በኮስቲክ ሶዳ ታስሮ ነው የተቀመጠው። አሲድ ሲገባበት ያ እስር ይፈታል፤ ክሎሪኑ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ባሕሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚሠራውን እዚህ አሲዱ ይሠራዋል። ልዩነቱ፣ እዚህ ወገን የሚያሳልፍ ካታሊስት የለም፤ ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ፣ ያውም መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል ውስጥ። ክሎሪን ወርዶ ይተኛል ብለን ነበር። ተንበርክካ ወለል የምትፈትግ ሰው አፍንጫዋ ያለው እዚያው ነው። ወለል ላይ የሚጫወት ሕፃንም እንዲሁ።

በረኪና አሞኒያ ካለበት የመስታወት ወይም የወለል ማጽጃ ጋር ሲደባለቅም ክሎራሚን የሚባል ሌላ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ስለዚህ እነዚህን ሕጎች ጻፉ፤ ለአዲስ የመጣች እህትም አስተምሩ።

– በረኪና ከውሃ ጋር ብቻ ይደባለቃል፤ ውሃውም ቀዝቃዛ ይሁን። ከአሲድ፣ ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ጨው፣ ከአሞኒያ ጋር በፍጹም።

– ሁለቱም የግድ ካስፈለጉ ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን። በመካከል በብዙ ውሃ አጥቡት።

– በር ክፍት ይሁን። ማራገቢያ ካለ ይብራ። የጨርቅ ማስክ ጋዝ አያስቀርም፤ ጓንትም ለእጅ እንጂ ለሳንባ አይሆንም።

– ማጽጃን በመጠጥ ውሃ ጠርሙስ አትገልብጡ። ጽሑፉ ከጠፋ ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም።

– ድንገት ተደባልቆ ዓይን ካቃጠለ፣ ሳል ከያዘ፣ ደረት ከጨነቀ፦ ሥራውን ጥላችሁ ወዲያው ውጡ፣ ልጆቹንም አውጡ፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር ዝጉ፣ የሳሎኑን መስኮትና የባልኮኒውን በር ክፈቱ። «ውሃ ልድፋበት» ብላችሁ አትመለሱ። የተረጨ ልብስ አውልቁ፤ ዓይንን በንጹሕ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ወተት ሳንባ ውስጥ የገባ ጋዝን አያወጣም።

– ትንፋሽ ካጠረ፣ ሳሉ ካልቆመ ወይም አስም ካለ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ከሰዓታት በኋላም ሊብስ ስለሚችል «ተሻለኝ» ብላችሁ ብቻችሁን አትተኙ። በሊባኖስ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 140 ነው። ምንና ምን እንደተደባለቀ ንገሩ።

ማዳም ደባልቂ ብትል ምን ትያለሽ? በትሕትና፣ ግን ሳታመነቺ፦ «ማዳም፣ ማ ፊኒ ኢኽሎጦን፣ ቢጥላ ጋዝ።» ልደባልቃቸው አልችልም፣ ጋዝ ይወጣል ማለት ነው። ከዚያ የጠርሙሱን ጀርባ አሳያት፤ «አታደባልቁ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ብዙ ጊዜ በአረብኛ ተጽፎበታል። ይህ ሥራ እንቢ ማለት አይደለም። ጋዙ ከመታጠቢያ ቤቱ ወጥቶ ሳሎን ሲገባ የማዳምንም የልጆቿንም ሳንባ አይምርም። ቤቱን ሁሉ ነው የምትጠብቂው።

የመወያያ ጥያቄዎች

በቡድን ሆናችሁ ተወያዩ። መልሱ ከላይ አለ፤ በራሳችሁ አነጋገር ተናገሩት።

1) ዓሣ የሚተነፍሰው ኦክስጅንና የውሃው አካል የሆነው ኦክስጅን ልዩነታቸው ምንድን ነው?

2) ከሦስት ሊትር ውሃ ስንት ግራም ኦክስጅን ይወጣል? ለስንት ሰው የአንድ ቀን ይበቃል?

3) በጨው ውሃ ውስጥ ክሎሪን ኦክስጅንን የሚቀድመው ለምንድን ነው? በፊርማው ምሳሌ አስረዱ።

4) ካታሊስት ከሽማግሌ ጋር የሚመሳሰለው በምንድን ነው?

5) ሰርጓጅ መርከብ በባሕር ተከቦ ሳለ መጀመሪያ ጨውን የሚያስወጣው ለምንድን ነው?

6) ሁለት ሁለት ሆናችሁ አንዷ ማዳም፣ አንዷ ሠራተኛ ሁኑና የአረብኛውን አባባል ተለማመዱ። ሳትፈሪ እስክትናገሪው ድረስ ድገሙት።

ይህን ወረቀት ካነበባችሁ በኋላ አትጣሉት። እሑድ ከቤት መውጣት ለማይፈቀድላት እህት በምታገኙት መንገድ አድርሱላት። ካልተቻለ ከሕጎቹ የመጀመሪያውን ብቻ በስልክ ንገሯት፦ በረኪና ከውሃ ጋር ብቻ። ደህና ሰንብቱ።